በባና ተጠቅልላ የኖረችው ባቡር፦ የጽዳትና የዘይት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መጀመሪያው ሳምንት፦ ከሣጥኑ ምን ወጣ?

ሥራው አንዲት የድሮ ሜርክሊን (የጀርመን ሞዴል ባቡር ሠሪ ነው) ሞዴል ባቡር ማጽዳት፣ ዘይቷን መቀየርና ማስኬድ ነው። የአጎቴ ንብረት ናት። ጀርመን አገር ተምረው በ1960ዎቹ ሲመለሱ ይዘዋት መጡ። የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ እሳቸው ቤት በረንዳ ላይ ነው። እዚያ ብርሃን አለ። ለላምባው ሽታም አየር አለ።

ከሣጥኑ የወጣው፦ አንዲት ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ሞዴል፣ ሦስት ጥንድ ጎማ ያላት። ሁለት የዕቃ ፉርጎ። አንድ ክብ የሚዘጋ የቆርቆሮ ሐዲድ። አንድ ትራንስፎርመር።

መጀመሪያ ያየሁት ቀፎዋን ነው። ቀፎው በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው። የድሮ ዚንክ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለበት ከብዙ ዓመት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ መፍትሔ የለውም። ጠርዝ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር አየሁ። ስንጥቅ የለም። ቀለሟም ከጥቂት ቦታ በቀር ደህና ነው።

ጎማዋ ግን አይዞርም። የዚህ ዓይነት ባቡር ማርሾቹ ቀጥ ያለ ጥርስ ስላላቸው ጎማውን በጣት ሲገፉት ሞተሩ አብሮ መዞር አለበት። ይህቺ ንቅንቅ አትልም። አላስገደድኳትም። በጉልበት ከተገፋ የሚሰበረው የማርሹ ጥርስ ነው፤ ምትኩ ደግሞ እዚህ አገር አይገኝም።

ከታች ገልብጬ ሳያት ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው ሱፍ ነው። ባቡሯ የኖረችው በአሮጌ የመንዝ ባና ተጠቅልላ ነው። ባና ሙቀት ይሰጣል፣ ከአቧራም ይከልላል። ጸጉሩ ግን ይረግፋል። የረገፈው አክስሉ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ጠብቋል። ሁለተኛው ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥፍር የማይበሳው ቅርፊት ነው።

አጎቴን ጠየቅኋቸው።

«ልጆቹ ስትቆምባቸው ዘይት ያጠጧት ነበር» አሉኝ።

«የምን ዘይት?»

«ከወጥ ቤት ያገኙትን ነዋ! የኑግ ሳይሆን አይቀርም።»

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቃል። ቀጭን ሆኖ ከተቀባ ቫርኒሽ ነው የሚሆነው። ባቡሯ የቆመችው ዘይት አጥታ አይደለም። በዘይት ብዛት ነው የታሰረችው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ ኤሌክትሪኩ

ከመፍታቴ በፊት ሞተሩ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ፈለግሁ።

ትራንስፎርመሩ 220 ቮልት ይላል። የእኛም 220 ነው። ግን ገመዱ ሲታጠፍ ጎማው እየተፈረፈረ ይወርዳል፣ ውስጡ መዳብ ይታያል። ግድግዳ ላይ አልሰካሁትም። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ሐዲዱም እጅ የሚነካው ባዶ ብረት ነው። ትራንስፎርመሩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

የሄድኩት ሞባይል ጥገና ነው። እዚያ ያለው ልጅ ከ0 እስከ 30 ቮልት የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ አለው፣ አምፔሩንም ያሳያል። «ዲሲ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ኤሲ ይላል» ብሎ ተጠራጠረ። ልክ ነው፣ ይህቺ ሜርክሊን የምትሠራው በኤሲ፣ አቅጣጫው በሚቀያየር ጅረት ነው፤ ዲሲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። ነገር ግን የዚህች ሞተር ውስጥ ቋሚ ማግኔት የለም። ማግኔቱን የሚፈጥረው ራሱ የመዳብ ጥቅልል ነው። ስለዚህ በዲሲም ይዞራል። ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ብናቀያይር እንኳ አቅጣጫው አይለወጥም። የጥቅልሉም የሚዞረው ክፍልም ማግኔት አብሮ ስለሚገለበጥ ነው።

አንዱን ክሊፕ ከሆዷ ሥር ካለው መንሸራተቻ ጋር፣ ሌላውን ከብረት አካሏ ጋር አገናኘን። ሜርክሊን ከሐዲዱ መሐል ባሉ ነጥቦች በመንሸራተቻው ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ጎማውና ሐዲዱ ሌላው ጫፍ ናቸው። ቮልቱን ቀስ አድርገን ከፍ አደረግን። ከ1 አምፔር በላይ ሳበች። አልዞረችም። ቶሎ አጠፋነው፣ ታስሮ የቆመ ሞተር ጥቅልሉን ያቃጥላል። ኤሌክትሪኩ ግን ያልፋል። ሞተሩ አልሞተም።

ጥቅምት፣ ሦስተኛው ሳምንት፦ መፍታት

መሣሪያ፦ የሰዓት ሠሪ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስቴኪኒ፣ ጥጥ፣ እና የእንቁላል ካርቶን። ካርቶኑ ለብሎን ነው። የወጣው ብሎን ሁሉ በየተራው አንድ አንድ ጎድጓዳ ይይዛል፤ ስመልስ ከመጨረሻው እጀምራለሁ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አነሳሁ።

ቀፎውን የያዘው አንድ ብሎን ነው። ቀፎው ሲነሳ አንድ በኩል ሞተሩ፣ ሌላ በኩል ማርሾቹ፣ ከላይ ደግሞ አቅጣጫ የሚቀይረው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ መቀያየሪያ) ይታያል።

የሞተሩ ክዳን በሁለት ብሎን ተይዟል። ክዳኑ ላይ ሁለት ቧንቧ አለ። በአንዱ ካርቦን፣ በሌላው የመዳብ ሽቦ ወንፊት ተጠቅልሎ ይገባል። ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱንም ከላይ ሞላ ይጫናቸዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ መጻፍ ግድ ነው። ጻፍኩ። ካርቦኑ አልቋል፣ ሞላው ሊነካው ትንሽ ቀርቶታል። መዳቡ በዘይት ጠቁሯል እንጂ ደህና ነው።

የሚዞረው ክፍል (አርማቹር) ሲወጣ ፊቱ ላይ ክብ የመዳብ ሳህን አለ፣ በሦስት ተከፍሏል። መዳብ መሆኑ አያስታውቅም፣ ጥቁር ነው። ክፍተቶቹ በካርቦን ዱቄትና በኑግ ቅርፊት ተሞልተዋል። ይህ ብቻውን ባቡር ያቆማል። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ሦስቱን ክፍል እርስ በርስ ያገናኛል።

በቴስተር ሦስቱን ክፍል ሁለት ሁለት እያደረግሁ ለካሁ። ሦስቱም ተመሳሳይ ንባብ ሰጡ። ከአክስሉ ጋር ደግሞ ምንም ግንኙነት የላቸውም። ሽቦው አልተበጠሰም፣ አልተቃጠለም። እዚህ ላይ በጣም ደስ አለኝ። ይህ ከተቃጠለ እንደ አዲስ መጠምጠም ነበር።

ጎማዎቹን ከአክስላቸው አላወጣሁም። የግራና የቀኝ ጎማ ላይ ያሉት፣ ጎማን ከጎማ የሚያያይዙት ዘንጎች መያዣዎች አንድ ቦታ ላይ አይደሉም፣ የሩብ ዙር ልዩነት አላቸው። ያ ልዩነት ከተዛባ ዘንጎቹ ይነክሳሉ። የጸዱት እንዳሉ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሱፍና ቅርፊት

ሱፉን በምላጭ አክስሉን ተከትዬ ቆረጥኩ፣ በወረንጦ ሳብኩ። ከመሐለኛው አክስል የወጣው ብቻ ጣት ላይ የሚጠመጠም ነው።

ቅርፊቱ አስቸገረ። የሪሌውንና የጥቅልሉን ሽቦ መንቀል ስላልፈለግሁ ባቡሯን ሙሉ በሙሉ መዘፍዘፍ አልተቻለም። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ ጥቂት ላምባ አፍስሼ የማርሹን ጎን ብቻ ወደ ታች አስተኛኋት። ሌሊቱን አደረች። ላምባው አቧራውንና በኋላ የተጨመረውን የማሽን ዘይት አወጣ። የኑጉን ግን ትንሽ ብቻ አለሰለሰው።

ቀጥሎ 97 በመቶ አልኮል ሞከርኩ። የተሻለ ነው። ጠርዝ ጠርዙን ነጭ አድርጎ ያነሳዋል። የቀረውን በስቴኪኒ ጫፍ ገፋሁት። እንጨት ነሐሱን አይቧጭረውም፣ መርፌ ግን ይቧጭራል።

ማርሹ ጥርስ ሥር የቀረው በአልኮልም እምቢ አለ። ለእሱ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጥጥ ጫፍ ተጠቀምኩ። ለባዶ ብረት ብቻ ነው! አሴቶን ቀለምና ፕላስቲክ ያቀልጣል። የሞተሩ ክዳን አጠገብ አላደረስኩትም።

ቤንዚን ግን አልተጠቀምኩም። የሞባይል ጥገናው ልጅ በቤንዚን ቶሎ ይለቃል ብሎኝ ነበር። ይለቃል። ግን በዚህ ብርድ ከቤታችን ከሰል አይጠፋም። የቤንዚን ተን መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል።

ቀፎው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ብቻ ታጠበ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ጽሑፉን ሳላሽ። ከዚያ ጥላ ላይ ደረቀ።

ማርሾቹ ሲጸዱ ጎማውን በጣት ገፋሁት። ሁሉም አብሮ ዞረ።

ኅዳር፣ መጀመሪያው ሳምንት፦ ካርቦንና መዳብ

የአርማቹሩን ፊት በአልኮል ጠረግሁት፤ መዳቡ ወጣ። ሦስቱን ክፍተት በስቴኪኒ አጸዳሁ። ብርጭቆ ወረቀት አልተጠቀምኩም። ሳህኑ ቀጭን ነው፣ የተፋቀው አይመለስም።

የመዳብ ወንፊቱን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ጫፉ ሲጸዳ ሌላ አላስፈለገውም። ካለቀ ከዲሽ ገመድ ውስጥ ያለውን የመዳብ ጉንጉን ጠቅልሎ መተካት ይቻላል። ቁራጭ አስቀምጫለሁ።

ካርቦኑ ግን መተካት አለበት። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የድሪል ካርቦን በ150 ብር ገዛሁ። ያ አራት ማዕዘን ነው፣ የእኛ ቧንቧ ክብ። ሰንጥቄ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያንከባለልኩ ሞረድኩት። ቧንቧው ውስጥ በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት። ትንሽ ከጠበቀ ሞላው አይገፋውም፣ ከሰፋ ደግሞ ይወላገዳል። አሮጌውን ካርቦን ናሙና አድርጌ አጠገቡ አስቀምጬ ነው የሠራሁት። የካርቦን ዱቄት እጅና ልብስ አይለቅም፤ ጋዜጣ ይነጠፍ።

ኅዳር፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ ዘይት

ይህንን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ባቡሯን ያቆማት ይኸው ስለሆነ።

የመረጥኩት የስፌት መኪና ዘይት ነው። ቀጭን ነው፣ ከማዕድን የተሠራ ስለሆነ እንደ ኑግ አይደርቅም፣ ከገበያ በ80 ብር ገዛሁት። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም ብዙ ሰው ዘይት ይመስለዋል። እሱ ያላቅቃል፣ ከዚያ አብዛኛው ይተናል፤ ሲነፉት ደግሞ ሁሉም ቦታ ይደርሳል፤ ሞተሩም ውስጥ ጭምር።

ዘይት የሚገባበት፦ የአርማቹሩ አክስል ሁለቱ ጫፍ፤ ማርሾቹ የሚዞሩባቸው አጫጭር አክስሎች፤ የጎማዎቹ አክስል ብረቱን የሚያልፍበት ቀዳዳ፤ የዘንጎቹ መገጣጠሚያ። በክዳኑ በኩል ያለው የአርማቹር ጫፍ ትንሽ ፈልት አለው፣ ዘይት ይዞ ቀስ እያለ የሚሰጥ። እሱን መጀመሪያ በአልኮል አጥቤ አድርቄ ነው ያጠጣሁት። አሮጌው ኑግ እዚያ ውስጥ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ዘይት የማይነካው፦ የመዳቡ ሳህን፣ ካርቦኑ፣ ሪሌው፣ መንሸራተቻው፣ ሐዲዱ፣ ጎማው ላይ ያለው ላስቲክ።

መጠኑ ነው ዋናው ቁም ነገር። በኢንሱሊን መርፌ ሞከርኩ፤ ከጫፉ የሚወርደው ጠብታ ለዚህች አክስል ይበዛል። የስፌት መርፌ ዘይት ውስጥ ነክሬ ጫፉ ላይ የቀረውን ብቻ አስነካሁ። ለዘንጎቹ ከዚያም ያነሰ። የተረፈውን በጥጥ መለስኩ። ዓይን የሚያየው ዘይት ካለ በዝቷል።

አጎቴ ቆመው ያዩ ነበር። «ይኸ ይበቃታል እንዴ?» አሉ። እንዲያውም ተጨነቁ። ለባቡር የለመዱት ሌላ ነው። ድሬዳዋ ሲሄዱ በየጣቢያው ሠራተኛው በጣሳ ሲያጠጣ አይተዋል። ትልቁ ባቡር ዘይቱን በልቶ ይጥለዋል። ይህቺ ውስጥ ግን የገባው ዘይት መውጫ የለውም። ወደ መዳቡ ሳህን ነው የሚሄደው፣ ከካርቦን ዱቄቱ ጋር ይቦካል፣ መልሶ ያው ጥቁር ጭቃ ይሆናል።

በነገራችን ላይ የዚህች ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። መጠኗ 1 ለ87። ሲባዛ 1435 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ስፋት። አጎቴ የተሳፈሩበት የድሮው የፈረንሳዮች መሥመር ግን 1000 ሚሊሜትር ነበር። ይህንን ስነግራቸው ሜትሯን ተቀብለው ራሳቸው ለኩ።

ኅዳር አጋማሽ፦ ብርዱ

ለማርሾቹ ጥርስ ግሪስ ይሻላል የሚል ምክር ነበር። ጥርስ ላይ ዘይት አይቆይም፣ ይረጫል፤ ግሪስ ይጣበቃል። አሳማኝ ነው። ከመኪና ጥገና ትንሽ ግሪስ ወስጄ ቀባሁ። ከሰዓት በኋላ ባቡሯን ገልብጬ በሞባይል ጥገናው ፓወር ሰፕላይ ስሞክራት በ12 ቮልት 0.6 አምፔር አካባቢ ይዛ በደንብ ዞረች።

ጠዋት ያው ሙከራ ሌላ ነገር አሳየ። ውርጭ የወረደበት ጠዋት ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ባቡሯ ለመነሳት ከ0.9 በላይ ሳበች፣ ስትዞርም ትጎትታለች። ግሪሱ ጠንክሯል። ፀሐይ ላይ ትንሽ ቆይታ ስትሞከር መልሳ ወደ 0.6 ወረደች።

ግሪሱን በአልኮል አወጣሁት። ጥርሶቹን በስፌት ዘይት በረጠበ ጥጥ ብቻ ጠረግሁ፣ ከዚያ በደረቅ ጥጥ። በሚቀጥለው ውርጭ ጠዋት ሞከርኩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ቆላ ላለ ሰው፣ ለምሳሌ ሸዋ ሮቢት፣ ግሪሱ ችግር ላይሆን ይችላል። ደጋ ላይ ላለን ቀጭን ዘይት ነው የሚያዋጣው።

ከዚያ ማለማመድ። አዲሱ ካርቦን የሳህኑን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ በዝቅተኛ ቮልት ለግማሽ ሰዓት አንድ አቅጣጫ፣ ለግማሽ ሰዓት ሌላ አቅጣጫ። መብራት በመሐል ጠፋ፣ በማግሥቱ ተጨረሰ። መጀመሪያ ብልጭታው በዛ፣ ከዚያ ቀነሰ። ክዳኑን ከፍቼ የካርቦኑን ዱቄት ጠረግሁ።

ኅዳር መጨረሻ፦ ሪሌውና ላስቲኩ

አቅጣጫ የምትቀይረው 24 ቮልት ለቅጽበት ሲሰጣት ነው። ሪሌው ይስባል፣ ከሁለቱ ጥቅልል አንዱን ይመርጣል። እዚህም ኑግ ደርሷል። በአልኮል ብቻ አጸዳሁት፣ ዘይት የለም።

በዲሲ አንድ ነገር ተለየ። ሪሌው ቶሎ ይስባል፤ 15 ቮልት አካባቢ ሲደርስ አቅጣጫ ቀየረች። በኤሲ ጥቅልሉ ጅረቱን ይገታል፣ በዲሲ ግን የሚገታው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ሞላዋን ማጥበቅ ይቻል ነበር። አልነካኋትም። ከ12 ቮልት ካላለፍኩ ችግር የለም። አንድ ቀን ደህና ትራንስፎርመር ከተገኘ ደግሞ እንደ ፋብሪካዋ ትሠራለች።

ጎማዋ ላይ ያለው መያዣ ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያለ እሱ በባዶዋ ትሄዳለች፣ ፉርጎ ሲታሰርባት ትንሸራተታለች። ከብስክሌት ከለመነዳሪ በቀጭኑ ቆረጥኩ፤ ወፍራም ሆኖ ባቡሯን እያነከሳት አስቸገረ። የሠራልኝ የሰዓት ሠሪው ሐሳብ ነው። የእጅ ሰዓት ጀርባ ውስጥ ያለውን ቀጭን ክብ ላስቲክ በየመጠኑ አውጥቶ ሰጠኝ። አንዱ ትንሽ ተለጥጦ ጎድጓዳው ውስጥ ልክ ተቀመጠ። 50 ብር።

ታኅሣሥ፦ ሐዲድና ባትሪ

ሐዲዱ ዝጓል። በእርሳስ ላጲስ ፈገፈግሁ፣ በአልኮል ጠረግሁ። መሐል ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ። ብርጭቆ ወረቀት ያነጣል፣ ግን ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ቶሎ ይሰበሰባል።

ኃይሉ ሁለት ያገለገሉ 12 ቮልት የባጃጅ ባትሪዎች ናቸው። መንዳት በአንዱ። አቅጣጫ መቀየሪያው ሁለቱ ተከታትለው፣ 24። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ትንሽ የዲሲ ሰርኪዩት ከመርካቶ አስመጣሁ። የ24 ቮልቱ በተን መጀመሪያ ሰርኪዩቱን ከሐዲዱ የሚያላቅቅ፣ ከዚያ ባትሪዎቹን የሚያገናኝ ባለ ሦስት እግር ነው። እንዲያ ካልሆነ 24 ቮልት ወደ ሰርኪዩቱ ይመለስና ያቃጥለዋል።

ፊውዝ ያስፈልጋል፣ የ2 አምፔር። ባትሪ አጠገብ። ሐዲዱ ራሱ ቆርቆሮ ስለሆነ አንድ ማንኪያ መሐሉ ላይ ቢወድቅ ሾርት ነው፤ ባትሪ ደግሞ እንደ ትራንስፎርመር አይራራም፣ ሽቦ ያቀልጣል።

ወጪ፦ ላምባ 60፣ አልኮል 120፣ የስፌት ዘይት 80፣ ካርቦን 150፣ ላስቲክ 50፣ የፍጥነት ሰርኪዩት 600፣ ሁለቱ ባትሪ 1,400፣ ፊውዝና ሽቦ 150፣ በተን 100። ድምሩ 2,710 ብር። አሴቶኑ ከቤት ነው። ማጽዳቱና ዘይቱ ራሱ ርካሽ ነው፤ ብሩን የበላው ባትሪው ነው።

ሁለቱን ፉርጎ አስረን አስኬድናት። ዙሩን ትጨርሳለች፣ ወደ ኋላም ትሄዳለች። አንድ የሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ትንተባተባለች፤ የመገናኛው ምላስ ላልቷል፣ በፒንሳ ማጥበቅ ይቀራል።

የፊት መብራቷ አይበራም። አምፖሉ ተቃጥሏል። ባለ ብሎን ትንሽ አምፖል ነው፣ የድሮ ሬድዮ መደወያ ውስጥ ያለውን የሚመስል። አሮጌ ሬድዮ የሚሸጥ ሰው ጋ እጠይቃለሁ። ባቡሯ ወደ ባናው አትመለስም፤ አጎቴ የቆርቆሮ ብስኩት ሣጥን ሰጥተዋታል፣ ውስጡን በጋዜጣ ለብጬዋለሁ። ዘይት የሚጨመርላት ስትጮህ ወይም አምፔሯ ከፍ ሲል ነው፣ ያም በመርፌ ጫፍ።